የተደራረበ የስህተት አያያዝ ኮድን ከኔትወርክ ላይብረሪ ላይ ማንሳት፦ ደረጃ በደረጃ

ክረምት ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ ካለ አንድ መጋዘን ተደወለልኝ። ስቶር ኪፐሩ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ እኔ ያስገባሁት 300 ኩንታል ሲሚንቶ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን 600 ይላል። ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ» አሉኝ። ጦሳን የሸፈነው ጉም ገና አልተገፈፈም ነበር፤ ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ጨርሳችሁ ስትደርሱ ጃኬት የሚያስወልቅ ሙቀት ይቀበላችኋል።

መጋዘኑ ውስጥ ከአጠገባቸው ተቀመጥኩና ደሴ ቢሮ ያለውን ባልደረባዬን የሰርቨሩን ገመድ እንዲነቅለው በስልክ ነገርኩት። እሳቸው «ላክ» የሚለውን ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ መዞር ጀመረች። ሰዓቴን ያዝኩ። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት፤ ሦስት። «አብሽር፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚቆየው» አሉኝ። አራት ደቂቃ ተኩል ሲሞላ «ያልታወቀ ስህተት» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ከ600ው ቁጥር ይልቅ ያሳዘነኝ ይሄ ነው፤ እኚህ ሰው ለወራት እንዲህ ሲጠብቁ ኖረው የኮምፒውተሩ ጠባይ ነው ብለው ተቀብለውታል።

የእጥፉ ቁጥርም የረጅሙ ጥበቃም ምንጭ እኛው የጻፍነው የኔትወርክ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) ነበር። ሦስት ንብርብር አለው፤ ከታች ሶኬቱን (የኔትወርክ ግንኙነቱን ጫፍ) የሚከፍተው፣ መሃል ላይ ጥያቄና መልስ የሚያመላልሰው፣ ከላይ ደግሞ «ዕቃ መዝግብ» የሚል ትእዛዝ የሚቀበለው። እያንዳንዱ የራሱ ትራይና ኤክሴፕት (ኮዱን ሞክሮ ስህተት ሲነሳ የሚይዝ አጻጻፍ)፣ የራሱ ሎግ (የሆነውን የሚመዘግብ ፋይል)፣ የራሱ ድጋሚ ሙከራ ነበረው። ማንም በስንፍና አልጻፈውም። እያንዳንዳችን «ከታች ያለው ሳይዘው ቢቀርስ» ብለን ሰጋን፣ በስጋታችን ልክም አንድ አንድ ትራይ ጨመርን።

ከዚህ በታች ያለው ያንን ያጸዳንበት መንገድ ነው። ቋንቋው ፓይተን ነው፤ የኤክሴፕሽኖቹን (ስህተት ሲፈጠር ፓይተን የሚያስነሳቸውን ምልክቶች) ስም በሚነበቡበት ድምፅ ጽፌያቸዋለሁ።

ደረጃ 1፦ ሳትነኩ ቁጠሩ

በላይብረሪው ፎልደር ውስጥ «ኤክሴፕት» የሚለውን ቃል በግሬፕ (በቃል ፈላጊው ትእዛዝ) ወይም በኤዲተራችሁ ፈልጉና እያንዳንዱን በወረቀት ላይ አስፍሩ፦ የት ፋይል ላይ ነው፣ ምን ይይዛል፣ ከያዘ በኋላስ ምን ያደርጋል? ሦስተኛዋን ጥያቄ በጥድፊያ አትለፏት፤ ስህተትን መያዝና ስህተትን መፍታት የተለያዩ ናቸው። እኛ ስንጽፍ መልሶቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ከአራቱ አንዱ ሆኑ፦ ሎግ ጽፎ መልሶ ይወረውራል (ስህተቱን ለጠራው ኮድ ያሳልፋል)፣ «ነን» (በፓይተን «ምንም የለም» ማለት ነው) ይመልሳል፣ ደግሞ ይሞክራል፣ ወይም ዝም ይላል።

ከዚያ ከእያንዳንዱ አጠገብ ይህን መልሱ፦ ይህን ኮድ የሚጠራው ኮድ ሊያደርገው የማይችለውን ምን ነገር ይህ ኤክሴፕት ያደርጋል? መልስ ካጣችሁለት በቀይ እስክርቢቶ ምልክት አድርጉበት። እስካሁን የተሰረዘ ነገር የለም።

በዚያው ላይብረሪው የሚደግፈውን ዝቅተኛ የፓይተን ቨርዥን ጻፉ። ትርፍ የሚመስለው መስመር በእርግጥ ትርፍ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይህ ቁጥር ነው።

ደረጃ 2፦ ስህተቶቹን በገዛ እጃችሁ ፍጠሩ

ቀዩን ከመሰረዛችሁ በፊት ላይብረሪው ዛሬ የሚያሳየውን ጠባይ የሚይዝ ቴስት ያስፈልጋችኋል። በእውነተኛ መስመር ላይ የሚሮጥ ቴስት አይጠቅምም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ወድቆ የኮዱን ጥፋት ከመስመሩ ጥፋት ያደበላልቅባችኋል። አራት የመስመር ስህተቶችን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ፣ በ127.0.0.1 (ኮምፒውተሩ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ) መፍጠር ትችላላችሁ።

እምቢታን (ግንኙነት አልቀበልም መባልን) ለመፍጠር አንድ ሶኬት ከፍታችሁ ከፖርት 0 ጋር ባይንድ አድርጉት (አያይዙት)። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነፃ ፖርት ይመርጥላችኋል፤ ቁጥሩን ያዙ፣ ሶኬቱን ዝጉ፣ ከዚያ ወደዚያው ፖርት ለመገናኘት ሞክሩ። ለዝምታ፣ ግንኙነቱን ተቀብሎ አንድም ባይት የማይመልስ ሰርቨር በቂ ነው፤ ቴስቱ እንዳያዘግማችሁ የደንበኛውን ታይምአውት (የመጠበቂያ ገደብ) 0.2 ሰከንድ አድርጉት። ድንገተኛ መቋረጥ ትንሽ ዘዴ ይጠይቃል፦ ሰርቨሩ በኩል ባለው ሶኬት ላይ ኤስኦ ሊንገር የሚባለውን አማራጭ አብርታችሁ ቆይታውን 0 ካደረጋችሁ፣ ስትዘጉት ቲሲፒ (መረጃውን የሚያመላልሰው የኔትወርክ ደንብ) በሥርዓት ከመሰናበት ይልቅ ሪሴት (የድንገተኛ ማቋረጫ ምልክት) ይልካል። አራተኛው ግማሽ መልስ ነው፤ ሰርቨሩ 100 ባይት እልካለሁ ብሎ 40 ብቻ ልኮ ይዘጋል።

አምስተኛው፣ ስሙ የማይገኝ አድራሻ፣ ሰርቨር አያስፈልገውም። መጨረሻው «ኢንቫሊድ» የሆነ የዶሜይን ስም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለማይሠሩ አድራሻዎች ብቻ የተተወ ስለሆነ ማንም ሊያስመዘግበው አይችልም።

ግማሽ መልሱ ላይ ቆም በሉ። በጥሬ ሶኬት ላይ ሌላው ወገን በሥርዓት ሲዘጋ ምንም ኤክሴፕሽን አይነሳም፤ «ሪሲቭ» ባዶ ባይት መልሶ ዝም ይላል። እኛ ጋ ለዚህ ጉዳይ ተብለው የተጻፉ ሁለት ኤክሴፕቶች ነበሩ፤ ቴስቱን ስንጽፍ ሁለቱም አንድም ቀን ሠርተው እንደማያውቁ አየን። የሚያስፈልገው ባዶውን ባይት የምታይ አንዲት «ኢፍ» ነበረች፤ እሷ ደግሞ አልነበረችም።

ደረጃ 3፦ የአንዱን ነገር ሁለት ስም አንድ አድርጉ

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። መልካም ምክር ነው፤ ባላዎቹ በእርግጥ ሁለት ከሆኑ። እኛ ኮድ ውስጥ ሶኬት ኤረር፣ አይኦኤረርና ኦኤስኤረር በአንድ ቅንፍ ውስጥ ተደርድረው ደርዘን ቦታ ይገኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ፓይተን 3.3 ወዲህ ሦስቱ አንድ ናቸው፤ ኢንቫይሮንመንት ኤረርም እንደዚሁ። አባትና ልጅ እንኳ አይደሉም። ፓይተንን ከፍታችሁ ሶኬት ኤረር ራሱ ኦኤስኤረር ነው ወይ ብላችሁ በ«ኢዝ» ብትጠይቁት «ትሩ» ይላችኋል። ሦስት ስም የወጣለት አንድ ባላ ማለት ነው። ኦኤስኤረርን አስቀሩ፣ ሌሎቹን አንሱ።

የስም ፍለጋ ስህተቱ ጂኤአይ ኤረር፣ ኤስኤስኤል ኤረር፣ ዩአርኤል ኤረር የሚባሉት ደግሞ የኦኤስኤረር ልጆች ናቸው። ከአባታቸው ጋር በአንድ ቅንፍ ውስጥ ከተጻፉ ምንም አይጨምሩም። ለየብቻ የተለየ ነገር የሚደረግላቸው ከሆነ ግን ይቆዩ፤ ከአባታቸው በላይ መጻፋቸውን ብቻ አረጋግጡ። ኦኤስኤረር ከላይ፣ ታይምአውት ኤረር ከታች ከሆነ የታችኛው ተራ መቼም አይደርሰውም።

ታይምአውት የራሱ ታሪክ አለው። ሶኬት ታይምአውትና ታይምአውት ኤረር አንድ የሆኑት በፓይተን 3.10 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021። የአሲንክአይኦው (ፓይተን ብዙ ሥራዎችን ጎን ለጎን የሚያስኬድበት ክፍል) ታይምአውት የተቀላቀለው ከዓመት በኋላ በ3.11 ነው። እዚህ ላይ የቨርዥኑ ቁጥር እኛን አዳነን። የመጋዘኑ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነበር፤ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ከፓይተን 3.8 በላይ አይቀበልም። ቢሮ ባለው አዲስ ላፕቶፕ ላይ ትርፍ የነበረችው ሶኬት ታይምአውት መጋዘኑ ላይ የግድ ነበረች። ኮምፒውተሩ እስኪቀየር ድረስ መስመሯን ትተን አጠገቧ ምክንያቷንና የምትነሳበትን ሁኔታ በኮሜንት ጻፍን።

በቀላሉ የሚነሳ ሌላም አለ። በሲግናል የተቋረጠን ጥሪ እየደገመ የሚሞክር፣ ኢኢንተር የሚባለውን የስህተት ኮድ የሚፈትሽ ሉፕ (ተደጋጋሚ ዙር) ካገኛችሁ፣ ፓይተን ከ3.5 ጀምሮ ይህን ራሱ ይሠራዋል። ሉፑን አውጡት።

ይህን ሁሉ በዓይን መፈለግ አይጠበቅባችሁም። ራፍ የሚባለው የኮድ መፈተሻ ዩፒ024 በተባለው ደንቡ የኦኤስኤረርን ተለዋጭ ስሞች፣ በዩፒ041 የታይምአውትን፣ በቢ014 ደግሞ በአንድ ቅንፍ ውስጥ የተደጋገሙትን ያሳያችኋል። የፓይተን ቨርዥናችሁን በትክክል ንገሩት እንጂ፤ ካልነገራችሁት ለአሮጌው ማሽን የማይሆን ምክር ሊሰጣችሁ ይችላል።

አንድ ወጥመድ፦ ሪኩዌስትስ የሚባለውን የኤችቲቲፒ ጥያቄ መላኪያ ላይብረሪ የምትጠቀሙ ከሆነ የእሱ ኮኔክሽን ኤረርና የፓይተኑ ኮኔክሽን ኤረር ስማቸው እንጂ ዘራቸው አንድ አይደለም። ከላይ በኦኤስኤረር ይገናኛሉ፣ አንዱ ግን ሌላውን አይዝም። በዚህ ምክንያት ሁለቱን በአንድ ቅንፍ ያያችሁ እንደሆነ ቸኩላችሁ አንዱን አትሰርዙ።

ደረጃ 4፦ ሎግ ጽፎ የሚወረውረውን አንሱ

ይዞ ምንም ሳያደርግ «ራይዝ» ብቻ የሚል ብሎክ በሙሉ ይሰረዛል፤ ትራዩን አውጡና ውስጡን ወደ ግራ መልሱት። ሎግ ጽፎ የሚወረውረው ግን ሰው ይከራከርበታል፣ «መረጃ አይጠፋም ወይ?» ይላል። ያን ቀን የመጋዘኑን የሎግ ፋይል ስከፍት አንዷ መቆራረጥ ሦስት ቦታ ሰፍራ አገኘኋት፤ ከታች፣ ከመሃል፣ ከላይ፣ እያንዳንዷም ገጽ የሚሞላ ትሬስባክ (ስህተቱ የመጣበትን መንገድ የሚዘረዝር ጽሑፍ) ይዛ። መስመሩ በወር ስንት ጊዜ እንደሚቆረጥ ከዚያ ፋይል የሚቆጥር ሰው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሳሳታል።

የምንከተለው ደንብ ይህ ነው፤ የወረወረ አይጽፍም፣ የጻፈ አይወረውርም። መካከለኛው ንብርብር የሚያውቀው ተጨማሪ ነገር ካለው፣ ለምሳሌ የትኛው አድራሻ ላይ እንደነበረ፣ አዲስ ኤክሴፕሽን ፈጥሮ «ራይዝ ... ፍሮም» በሚለው አጻጻፍ የመጀመሪያውን ምክንያት ያያይዘው። ያኔ አንድ ትሬስባክ ውስጥ ሁለቱም ይታያሉ።

ደረጃ 5፦ ዝም የሚለውን አናግሩት

ምንም ስም የሌለው ባዶ ኤክሴፕት ሁሉን ይይዛል፤ ተጠቃሚው ኮንትሮልና ሲ ተጭኖ ፕሮግራሙን ላቁም ሲል የሚነሳውን ኪቦርድ ኢንተራፕት ጭምር። አሲንክአይኦ ላይም ሥራ ይቋረጥ የሚለውን ካንስልድ ኤረር ይውጠዋል። ፕሮግራሙ አልቆም ብሎ ሰው ማብሪያ ማጥፊያውን የሚጫነው በዚህ ነው። ባዶውን ኤክሴፕት ወደሚጠበቀው ስህተት አጥብቡት።

ከዚህ የሚከፋው «ነን» የሚመልሰው ነው። የታችኛው ንብርብር ስህተቱን ይዞ «ነን» መለሰ፤ መሃለኛው «ነን»ን መልስ የሌለው የተሳካ ጥያቄ አድርጎ ወሰደው፤ ስክሪኑ «ተልኳል» አለ። ያልተላከ ዕቃ ተልኳል የተባለበትን ሰው አስቡት። እነዚህን ስታነሱ ቴስት ይወድቃል፤ እስካሁን የተሸፈነው ስህተት ብርሃን ላይ ስለወጣ ነው። ቴስቱን አስተካክሉ፣ ኤክሴፕቱን ግን አትመልሱት።

ደረጃ 6፦ አንድ በር ብቻ ተዉ

አሁን ስህተቱ ከሶኬቱ ተነስቶ እስከ ላይ ያለ ከልካይ ይወጣል። የሚያዝበትን አንድ ቦታ ወስኑ፤ ላይብረሪው ከውጭው ኮድ ጋር የሚገናኝበት በር ላይ። እዚያ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ስህተት ወደ ላይብረሪው የራሱ ኤክሴፕሽን ተርጉሙት።

ብዙ ላይብረሪ እዚህ ላይ በምክንያት ይከፋፍላል፦ የዲኤንኤስ ስህተት፣ የቲሲፒ ስህተት፣ የኤስኤስኤል ስህተት። ለተጠቃሚው ኮድ ይህ ብዙም አይጠቅመውም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው መልእክቱ ደርሶ እንደሆነ ነው። ስለዚህ በሦስት ከፈልነው፦ «አልደረሰም»፣ «ደርሶ ሊሆን ይችላል»፣ «ደርሶ ተቀባዩ አልተቀበለውም»።

ስሙ ያልተገኘ አድራሻ፣ እምቢታ፣ ለመገናኘት ሲሞከር ያለፈ ጊዜ፣ ሁሉም «አልደረሰም» ናቸው፤ ጥያቄው ገና ከቤት አልወጣም። ጥያቄው ከተላከ በኋላ መልስ ሲጠበቅ ያለፈ ጊዜ፣ ሪሴት፣ ግማሽ መልስ ደግሞ «ደርሶ ሊሆን ይችላል» ናቸው። በሚኒባስ ሹፌር እጅ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ዕቃ የላከ ሰው ይህን ያውቀዋል። መኪናው ከመነኸሪያ ካልወጣ ዕቃውን በሌላ መኪና ይልከዋል። ወጥቶ ስልክ ካልተደወለለት ግን ሁለተኛ ከመላኩ በፊት ደርሶ እንደሆነ ይጠይቃል። 300ው ኩንታል 600 የሆነው የእኛ ኮድ ሳይጠይቅ ሁለተኛ ስለላከ ነው፤ የመጀመሪያው ምዝገባ ደርሶ ነበር፣ የጠፋው መልሱ ነው።

ታይምአውት ሁለቱም ጎራ ውስጥ ሊወድቅ እንደሚችል ልብ በሉ። የመገናኛውንና የመጠበቂያውን ጊዜ ለይታችሁ ካልያዛችሁ በሩ ላይ የምትተረጉሙት ነገር አይኖራችሁም። ሪኩዌስትስ ሁለቱን ለይቶ ይሰጣችኋል፤ ራሳችሁ ታይምአውት ካልሰጣችሁት ግን ያለገደብ እንደሚጠብቅ አትርሱ።

ደረጃ 7፦ ድጋሚ ሙከራን አንድ ቦታ ሰብስቡ

አራት ደቂቃ ተኩሉ ከየት መጣ? የታችኛው ንብርብር ሦስት ጊዜ ይሞክራል። እሱ ሲያቅተው መሃለኛው ያንን በሙሉ ሦስት ጊዜ ያስደግማል፣ የላይኛውም እንደዚሁ። 3 በ3 በ3 ሲባዛ 27 ነው፤ እያንዳንዱ ሙከራ 10 ሰከንድ ይጠብቃል፤ 270 ሰከንድ። እያንዳንዳችን የጻፍነው «ሦስት ጊዜ ሞክር» ነበር። ማንም 27 ብሎ አልጻፈም።

ከታችና ከመሃል ያለውን ድጋሚ ሙከራ አውጡ፣ በደረጃ 6 ከተዋችሁት በር ላይ አንዱን ብቻ አስቀሩ። የምትገነቡበት ላይብረሪ ራሱ የሚደግም መሆኑንም እዩ። ሪኩዌስትስ ካላዘዛችሁት ያልተሳካ ግንኙነትን አይደግምም፤ ሪኩዌስትስ የተሠራበትን ዩአርኤልሊብ3ን በቀጥታ ከተጠቀማችሁ ግን ሳትጠይቁት እስከ ሦስት ጊዜ ሊደግም ይችላል።

ለቀረው አንድ ድጋሚ ሙከራ የሰጠነው ጠባይ ይህ ነው። «አልደረሰም» ከሆነ ያለ ስጋት ይደግማል። «ደርሶ ሊሆን ይችላል» ከሆነ የሚደግመው ጥያቄው መለያ ቁጥር ካለው ብቻ ነው። በኤችቲቲፒ ደንብ ጌት፣ ፑትና ዲሊት የሚባሉት የጥያቄ ዓይነቶች ቢደገሙ ውጤታቸው ያው እንዲሆን ይጠበቃል፤ ፖስት ግን ዋስትና የለውም፣ ዕቃ መመዝገብ ደግሞ ፖስት ነው። ስለዚህ ስቶር ኪፐሩ «ላክ» ሲሉ አንድ ጊዜ በዩዩአይዲ (የማይደገም ቁጥር በሚያወጣ ዘዴ) መለያ ይፈጠራል፣ በድጋሚ ሙከራ ሁሉ ያው መለያ ይሄዳል፣ ሰርቨሩም ያየውን መለያ ሁለተኛ አይመዘግብም። መለያው ከሉፑ ውጭ መፈጠሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ሉፑ ውስጥ ከተፈጠረ እያንዳንዱ ሙከራ አዲስ ዕቃ ነው።

በሙከራዎቹ መካከል 1፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 4 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ላዩ ላይ ትንሽ የዘፈቀደ ክፍልፋይ ይጨመርበታል። መብራት ሲመለስ የሁሉም ሱቅና መጋዘን ኮምፒውተር በአንድ ቅጽበት ደሴ ሰርቨር ላይ እንዳይረባረብ ነው። አጠቃላይ ጣሪያው 30 ሰከንድ ነው፤ ካለፈ ምዝገባው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥና መስመር ሲመለስ ይላካል።

ደረጃ 8፦ የማይነኩ

ማጽዳት ሲጥም ሰው እጁን አይሰበስብም። ብሎክ በማያደርግ (ቆሞ በማይጠብቅ) ሶኬት ላይ የሚነሳው ብሎኪንግ አይኦኤረር «ገና ነው፣ ቆይተህ ና» ማለት ነውና ይቆይ። ሶኬት ከመዝጋት በፊት ሻትዳውን ሲጠራ ሌላው ወገን አስቀድሞ ሄዶ ከሆነ ስህተት ይነሳል፤ እሱን ዝም ማሰኘት ተገቢ ነው። የፓይተኑ የጄሰን (የመረጃ መለዋወጫ ቅርጽ) ስህተት የቫልዩ ኤረር ልጅ እንጂ የኦኤስኤረር አይደለም፤ የግማሽ መልሱ ስህተት ኢንኮምፕሊት ሪድም ከኤችቲቲፒ ኤክሴፕሽን ወገን ነው። ሁለቱም በኦኤስኤረር መረብ ስለማይያዙ በሩ ላይ በየስማቸው መጻፍ አለባቸው። ለመዝጊያ ብቻ የተጻፈ ኤክሴፕት ካለ ደግሞ በ«ዊዝ» (ሲጨርስ ራሱ በሚዘጋው አጻጻፍ) ተኩት፣ ያልቃል።

ደረጃ 9፦ በየዓይነቱ ኮሚት አድርጉ፣ ከዚያ መጋዘኑ ድረስ ውሰዱት

ተለዋጭ ስሞችን ማንሳት አንድ ኮሚት (ለብቻው የሚመዘገብ የኮድ ለውጥ)፣ ሎጎቹ ሌላ፣ ድጋሚ ሙከራው ሌላ። የመጀመሪያው ጠባይ አይለውጥም፣ ሦስተኛው ይለውጣል፤ አንድ ላይ ከተቀላቀሉ ችግር ሲመጣ የትኛውን እንደምትመልሱ አታውቁም።

ቴስቶቹ አረንጓዴ ከሆኑ በኋላ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ሄዳችሁ ገመድ ንቀሉ። ሁለት ጊዜ ንቀሉ፦ አንዴ ከመላኩ በፊት፣ አንዴ ጥያቄው ወጥቶ መልሱ ሳይመለስ። ለሁለተኛው ሰርቨሩ ከመመለሱ በፊት 5 ሰከንድ እንዲዘገይ አድርጉት፣ አለበለዚያ እጃችሁ አይደርስበትም። እኛ ስናደርገው ስቶር ኪፐሩ ሰዓታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በ30 ሰከንድ ውስጥ ስክሪኑ «ደሴ አልተገኘም፤ ምዝገባው እዚህ ተቀምጧል» አለ። ጽሑፉን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡትና «የት ነው የተቀመጠው? አሳየኝ» አሉኝ፤ አሳየኋቸው። ባልደረባዬ ገመዱን መለሰ። ሰርቨሩ ላይ ያለውን ቁጥር ከመጋዘኑ ባለቤት ጋር አብራችሁ ተመልከቱ፤ 300 ከላካችሁ 300 መሆን አለበት፣ ሎጉ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ነቀላ አንድ መስመር ብቻ።